ተማሪዎች ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሞሉት መልስና የሚያደርጉት ነገር ለምን ተለያየ?

ጥያቄ
አቅራቢ፦ መምህርና ተመራማሪ

ሰላም ለመድረኩ ተሳታፊዎች። በከፍተኛ ትምህርት ተቋም ውስጥ እያስተማርኩ፣ ተማሪዎችና መምህራን ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎትና በቅርቡ ስለመጡ ሌሎች ቴክኖሎጂዎች ያላቸውን አመለካከት የሚመረምር ጥናት በማዘጋጀት ላይ እገኛለሁ። መጠይቁን ያዋቀርኩት በዘርፉ በተለመደው መንገድ ነው። ፍሬድ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1989 ባቀረበው የቴክኖሎጂ ቅበላ ሞዴል ላይ ተመሥርቼ፣ መልስ ሰጪው መሣሪያውን ምን ያህል ጠቃሚ ሆኖ እንዳገኘው፣ አጠቃቀሙ ምን ያህል እንደቀለለው፣ ወደፊትም ሊገለገልበት ያስብ እንደሆነ ከ1 እስከ 5 በሚሄድ መለኪያ እጠይቃለሁ።

ዋናውን ጥናት ከመጀመሬ በፊት መጠይቁን በጥቂት ሰዎች ላይ ሞከርኩት። መልሶቹ በሠንጠረዥ ሲቀመጡ አንዳችም የሚያሳስብ ነገር አልነበረባቸውም፤ ተማሪዎቹ መሣሪያው ጠቃሚም ቀላልም ነው ብለዋል፣ መምህራኑም በአብዛኛው ስጋታቸውን ገልጸዋል። ያሳሰበኝ ከዚያ በኋላ የሰማሁት ነው። ከመልስ ሰጪዎቹ ከአንዳንዶቹ ጋር ቁጭ ብዬ ስነጋገር፣ «ጠቃሚ ነው» ከሚለው ዓረፍተ ነገር ትይዩ 5ን ያከበበች አንዲት ተማሪ፣ ቻትቦት (በጽሑፍ ሲጠይቁት የሚመልስ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም) በከፈተች ቁጥር ሰው እንዳያይባት ስክሪኗን እንደምታዞር፣ ሥራዋን ካስረከበች በኋላም ለቀናት እንደምትሳቀቅ ነገረችኝ። «የትምህርትን ጥራት ይጎዳል» በሚለው በጥብቅ እስማማለሁ ብሎ የሞላ ባልደረባዬ ደግሞ፣ የፈተና ጥያቄዎቹን ረቂቅ በዚያው መሣሪያ እንደሚያዘጋጅ አጫወተኝ። ሁለቱም የዋሹኝ አይመስለኝም። የጠየቅኳቸውን በእውነት መልሰዋል፤ ጥያቄዬ ግን ውስጣቸው ያለውን ነገር ሳይነካው አልፏል።

ስለዚህ እናንተን የምጠይቀው ይህንን ነው፤ በዚህ ጉዳይ አመለካከት ስንል የምንለካው ምንድን ነው? መጠይቁን አስተካክዬ ልቀጥል ወይስ መነሻ ያደረግኩት ሞዴል ራሱ ለዚህ ሥራ አይመጥንም? በማስተማርም ሆነ በመማር በኩል ያላችሁን ልምድ ብታካፍሉኝ ትልቅ እገዛ ይሆነኛል።

መልስ 1
የትምህርት ምዘና ባለሙያ፦

ውድ መምህር፣ ያስቸገረዎት የሞዴሉ ድክመት ሳይሆን ሞዴሉ የተሠራለት ቦታ ሌላ መሆኑ ይመስለኛል። ዴቪስ መለኪያዎቹን የፈተነው በዋናነት እንደ ኤሌክትሮኒክ መልእክትና የጽሑፍ ማዘጋጃ ባሉ የቢሮ ፕሮግራሞች ላይ ነበር። በቢሮ የሚፈለገው ውጤቱ ነው፤ ደብዳቤው በፍጥነትና በትክክል እስከተጻፈ ድረስ፣ ጸሐፊው ብዙ ለፋ አልለፋ ለመሥሪያ ቤቱ ልዩነት የለውም። በትምህርት ግን ነገሩ ይገለበጣል። መምህሩ ስለ ኢንዱስትሪ አብዮት የተጻፈ አንድ ተጨማሪ ድርሰት አያስፈልገውም፤ የሚፈልገው ተማሪው ያንን ድርሰት ለመጻፍ ሲል የሚያወጣውንና የሚያወርደውን ሐሳብ ነው። ስለዚህ በቢሮ መለኪያ እንደ በጎ ምልክት የሚቆጠረው «ቀላል ነው» የሚለው መልስ፣ በእኛ ዘንድ አንዳንድ ጊዜ ችግሩን ራሱን የሚናገር ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ አለ። የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር በቱርክ ወደ 1,000 በሚጠጉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ የሂሳብ ትምህርትን የሚመለከት ሙከራ አድርገው ነበር። ለልምምድ ተራ ቻትቦት የተሰጣቸው ተማሪዎች በልምምዱ ወቅት ካልተሰጣቸው 48 በመቶ የተሻለ ውጤት አመጡ፤ መሣሪያው ተወስዶ ለብቻቸው ሲፈተኑ ግን ጨርሶ ካላገኙት ተማሪዎች 17 በመቶ ዝቅ አሉ። መልሱን ከመስጠት ይልቅ ፍንጭ እየሰጠ እንዲመራቸው ተደርጎ የተዘጋጀውን ዓይነት የተጠቀሙት ደግሞ በልምምዱ 127 በመቶ ሲሻሉ፣ በፈተናው ላይ ያ ጉዳት በአብዛኛው አልታየባቸውም። ለእርስዎ ጥናት ከቁጥሮቹ ሁሉ የሚበልጠው ቀጥሎ ያለው ነው፤ ውጤታቸው የወረደው ተማሪዎች ያነሰ እንደተማሩ አልተሰማቸውም። የእርስዎን መጠይቅ ቢሞሉ ኖሮ 5ን ያከብቡ ነበር፤ እኛም የተሳካ ቴክኖሎጂ ብለን እንመዘግበው ነበር።

ሁለተኛው ነገር «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» የሚለው ስም ለመልስ ሰጪው በጣም ሰፊ መሆኑ ነው። ሰዋስው ማረም፣ መተርጎም፣ ለዓይነ ስውር ተማሪ ጽሑፍን ወደ ድምፅ መለወጥ፣ ድርሰት መጻፍ፣ የተማሪን ወረቀት ማረም፣ ተማሪው ሊያቋርጥ ይችላል ብሎ አስቀድሞ መተንበይ፣ ቤቱ ሆኖ የሚፈተንን ተማሪ በካሜራ መከታተል፣ እነዚህ ሁሉ በአንድ ስም ይጠራሉ። ቻትቦትን በደስታ የሚቀበል ተማሪ፣ በፈተና ሰዓት የዓይኑን እንቅስቃሴ የሚከታተለውን ካሜራ አጥብቆ ሊጠላ ይችላል። ሁለቱን በአንድ ጥያቄ ከጠየቅናቸው የምናገኘው አማካይ የማንንም ሐሳብ አይወክልም። ባልደረባዎም ላይ ቅራኔ ያዩት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ እሱ የፈራው በተማሪው እጅ ያለውን እንጂ በራሱ እጅ ያለውን አልነበረም። ይህ ደግሞ ራሱን ችሎ ሊጠና የሚገባው ግኝት ነው፤ ሰዎች ለራሳቸው የሚፈቅዱትን ለሌላው የሚከለክሉበት ወሰን የት ላይ እንደሆነ ያሳየናል።

መልስ 2
ለረጅም ዓመታት ያስተማርኩ፦

እኔ የሠራሁትን ስህተት ልንገራችሁ፤ ለጠያቂው ከምክር ይልቅ ይህ ይጠቅመው ይሆናል። ከሁለት ዓመት በፊት ከተማሪዎቼ አንዱ ያቀረበው ጽሑፍ ከወትሮው የተስተካከለ ሆኖ ስላገኘሁት፣ በማሽን የተጻፈውን ለይቶ ያወጣል በሚባል ፕሮግራም አስመረመርኩት። ፕሮግራሙ አብዛኛው የማሽን ነው አለ፤ እኔም ልጁን ቢሮዬ ጠርቼ ሳላመነታ ወነጀልኩት። በማግስቱ በእጁ የጻፋቸውን ሦስት ረቂቆች ከነስርዝ ድልዙ፣ በየኅዳጉ ካሰፈራቸው ማስታወሻዎች ጋር ይዞልኝ መጣ። ይቅርታ ጠየቅኩት፤ እሱም በአክብሮት ተቀበለኝ። ነገር ግን ከዚያ በኋላ እስኪመረቅ ድረስ አንድም ቀን ጥያቄ ይዞ ወደ ቢሮዬ አልመጣም። ቀደም ሲል በየሳምንቱ ይመጣ የነበረ ልጅ ነው።

ስለ እነዚህ ፕሮግራሞች ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ አስቀድሜ ማንበብ ይገባኝ ነበር። ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ ራሱ በጃንዋሪ 2023 አንድ መለያ ፕሮግራም አውጥቶ ነበር። በድርጅቱ በራሱ ምዘና፣ ፕሮግራሙ በማሽን ከተጻፉት ጽሑፎች የለየው 26 በመቶውን ብቻ ሲሆን፣ ሰው ከጻፋቸው ውስጥ 9 በመቶውን የማሽን ናቸው ብሏል። ብዙም ሳይቆይ፣ በዚያው ዓመት በጁላይ ወር፣ ድርጅቱ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ አነሳው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ ሰባት መሰል ፕሮግራሞችን ወስደው፣ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ያልሆነ ሰዎች ቶፍል ለተባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ መመዘኛ ፈተና በጻፏቸው 91 ድርሰቶች ላይ ሲሞክሯቸው፣ ፕሮግራሞቹ በአማካይ ከግማሽ በላይ የሆኑትን በስህተት የማሽን ብለው መደቧቸው። ጸሐፊዎቹን ያስጠረጠራቸው የቃላት ክምችታቸው የተወሰነና የዓረፍተ ነገር አሰካካቸው ቀለል ያለ መሆኑ ነበር፤ ማለትም በተማሩት ቋንቋ ተጠንቅቀው መጻፋቸው። ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲም በ2023 እንዲህ ያለውን አገልግሎት ሲያቋርጥ ያቀረበው ስሌት ቀላል ነበር፤ በአንድ ዓመት 75,000 ጽሑፍ ለሚያስመረምር ተቋም፣ ስህተቱ 1 በመቶ ብቻ ቢሆን እንኳ ወደ 750 የሚጠጉ ጽሑፎች ያለ ጥፋት ይጠረጠራሉ።

ይህን ያነሳሁት በጥናትዎ ውስጥ «ስጋት» ተብሎ የሚመዘገበው ስሜት ከየት እንደሚመጣ እንዲመረምሩ ስለምፈልግ ነው። ያቺ ተማሪ ስክሪኗን የምታዞረው እኛን ፈርታ ነው። ፍርሃቷ ስለ ቴክኖሎጂው ካላት አመለካከት ተለይቶ ካልተጠየቀ፣ በእኛና በእሷ መካከል የተፈጠረውን ያለመተማመን የቴክኖሎጂ ጥላቻ አድርገው ሊያነቡት ይችላሉ። እኔ አሁን ፕሮግራሙን ትቼዋለሁ። በምትኩ እያንዳንዱ ተማሪ ስለ ሥራው አሥር ደቂቃ ያህል በቃል ያስረዳኛል፤ ተማሪ በበዛበት ክፍል ደግሞ በዕጣ የወጡት ብቻ ያስረዳሉ። አድካሚ ነው፤ ነገር ግን ልጆቹ ስለ ሥራቸው ሲናገሩ መስማት ለእኔም የማስተማርን ደስታ መልሶልኛል።

መልስ 3
የመጨረሻ ዓመት ተማሪ፦

በመምህራን መካከል ገብቼ ስናገር ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ከተማሪ ወገን ያለውን ለማስረዳት ልሞክር። በዚህ ሴሚስተር አምስት ኮርሶች እወስዳለሁ። በአንደኛው መምህሩ ቻትቦት መጠቀምን ጨርሰው ከልክለዋል። በሁለተኛው መምህርታችን መጠቀም ትችላላችሁ፣ ነገር ግን የጠየቃችሁትንና ያገኛችሁትን መልስ አያይዛችሁ አስረክቡ ብለውናል። በቀሩት ሦስቱ ስለ ጉዳዩ አንድም ነገር አልተባለም፤ በኮርስ አውትላይኑም ላይ አልተጻፈም። ዩኔስኮ በ2023 ከ450 በላይ ትምህርት ቤቶችንና ዩኒቨርሲቲዎችን ጠይቆ፣ የተቋም ደንብ ወይም መደበኛ መመሪያ ያላቸው ከ10 በመቶ በታች እንደሆኑ ሲገልጽ አልተገረምኩም።

ባለፈው ዓመት፣ ምንም ባልተባለበት አንድ ኮርስ፣ ሐሳቤን በቅደም ተከተል ለማደራጀትና ሰዋስው ለማረም ቻትቦት መጠቀሜን በአሳይመንቴ መጨረሻ ላይ በግልጽ ጻፍኩ። ነጥብ ተቀነሰብኝ፤ ወረቀቱ ሲመለስልኝ ከዚያ መግለጫ ሥር ከተሰመረው መስመር በቀር ሌላ እርማት አልነበረበትም። እንደ እኔው የተጠቀመ ጓደኛዬ ግን ምንም ሳይጽፍ አስረክቦ ሙሉ ነጥብ አገኘ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ መግለጫ ጽፌ አላውቅም። ስለዚህ «የሰው ሠራሽ አስተውሎት አጠቃቀምዎን ለመምህርዎ ያሳውቃሉ?» ብለው ቢጠይቁኝ «አላሳውቅም» ብዬ እመልሳለሁ፤ ያንን መልስ ግን እባክዎ የታማኝነት ጉድለት ብለው አይመድቡት።

ሌላው የምለው፣ አንድ ተማሪ በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት አመለካከት ሊኖረው እንደሚችል ነው። ማታ ላይ በክፍል ውስጥ ያልገባኝን አንድ የስታቲስቲክስ ጽንሰ ሐሳብ ሦስት አራት ጊዜ በተለያየ ምሳሌ እንዲያስረዳኝ ስጠይቀው፣ እጅ አውጥቼ መምህሩን ለመጠየቅ ያፈርኩትን ሁሉ ያለ ኃፍረት ስጠይቀው፣ ከልቤ አመሰግነዋለሁ። የማስረከቢያ ሰዓት ሲደርስ ደግሞ ያንኑ መሣሪያ ከፍቼ ራሴ ልጽፈው የሚገባኝን መግቢያ አስጽፈዋለሁ፤ ያን ጊዜ እፈራዋለሁ። በቅርቡ በክፍል ውስጥ በወረቀት ድርሰት ስንጽፍ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ለማውጣት በጣም ረጅም ጊዜ ወሰደብኝ። ከሁለት ዓመት በፊት እንዲህ አልነበርኩም። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ በየትኛውም መጠይቅ ላይም የሚጠይቅ ሰው አላጋጠመኝም።

መልስ 4
የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፦

የተማሪውን መልስ አንብቤ ልቤ ተነካ፤ የመጨረሻው አንቀጽ ብቻውን አንድ ጥናት ይወጣዋል።

ከእኛ በኩል የምናየው ሌላ ነገር ነው። ቻትጂፒቲ በኖቬምበር 2022 ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ ፈልገን የምናጣቸው ጽሑፎች በዝተዋል። ተማሪው ዝርዝር ይዞ ይመጣል፤ ደራሲው በእርግጥ ያሉ ምሁር ናቸው፣ መጽሔቱም አለ፣ ቅጽና ገጽ ሁሉ ተሟልቷል፤ ጽሑፉ ግን ፈጽሞ አልተጻፈም። ይህ የሚሆነው መሣሪያው ፍለጋ ካልታከለበት በቀር ከመዝገብ ፈልጎ የሚያመጣ ስላልሆነ ነው፤ ከዚህ ቃል በኋላ ሊመጣ የሚችለው ቃል የትኛው ነው እያለ የሚሰካ በመሆኑ፣ እውነተኛ ማጣቀሻ የሚመስል ነገር ለመገጣጠም አይቸገርም። በኒው ዮርክ እንዲህ ያሉ ያልተፈረዱ ፍርዶችን ጠቅሰው ለፍርድ ቤት ያቀረቡ ጠበቆች በ2023 የ5,000 ዶላር ቅጣት ተጥሎባቸዋል። ከእነሱ ያነሰ ልምድ ያለው ተማሪ ቢሳሳት አይፈረድበትም። አንዳንዶች ጉዳዩን ካልኩሌተር ወደ ክፍል በገባበት ዘመን ከነበረው ክርክር ጋር ያነጻጽሩታል፤ እኔ ግን ንጽጽሩ ግማሽ መንገድ ብቻ የሚሄድ ይመስለኛል። ካልኩሌተር ያስገባንበትን ቁጥር በትክክል ያሰላል፤ የትኛውን ስሌት እንደምንፈልግ ማወቅ ብቻ የእኛ ድርሻ ነው። እዚህ ግን መልሱን ማጣራትም የእኛ ሥራ ሆኗል፤ ለማጣራት ደግሞ ጉዳዩን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ለጠያቂው የማቀርበው ሐሳብ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው። ተማሪዎች ስለ መሣሪያው ያላቸው አመለካከት በአንድ ሴሚስተር ውስጥ ሲለዋወጥ አያለሁ። መጀመሪያ ላይ ሁሉን አዋቂ አድርገው ያዩታል፤ ያልተጻፈ ጽሑፍ ፍለጋ ግማሽ ቀን ካባከኑ በኋላ ጨርሰው የሚተዉት አሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ለምን ማመን ለምን አለማመን እንደሚገባቸው ቀስ እያሉ ይለያሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ከጠየቁ፣ ያገኙት ሰው ከእነዚህ ደረጃዎች በየትኛው ላይ እንዳለ አያውቁም። ቢያንስ በሴሚስተሩ መጀመሪያና መጨረሻ ይጠይቁ፤ በመካከልም ስህተት አጋጥሟቸው እንደሆነ፣ ያንንም እንዴት እንደደረሱበት ይጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2012 ለማንኛውም ሰው ክፍት የሆኑት ግዙፍ የኢንተርኔት ኮርሶች ሲመጡ ዩኒቨርሲቲን ይተካሉ ተብሎ ብዙ ተጽፎ ነበር፤ ከተመዘገቡት ውስጥ እስከ መጨረሻው የዘለቁት ግን በጣም ጥቂቶች ሆኑ። በመጀመሪያው ወር የተሰበሰበ አመለካከት ያንን አያሳይም ነበር።

በድጋሚ ከመልስ 1 ሰጪ
የትምህርት ምዘና ባለሙያ፦

ተማሪው ስላነሳው መደበቅ አንድ ነገር ልጨምር። ሰዎች በግልጽ ለመናገር ለሚፈሩት ጉዳይ የሚያገለግል፣ የዝርዝር ሙከራ የሚባል ዘዴ አለ። መልስ ሰጪዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ለአንደኛው ቡድን ማንንም የማያሳፍሩ አራት ድርጊቶችን፣ ለምሳሌ ማስታወሻ ከጓደኛ መዋስን፣ በቡድን ማጥናትን የመሳሰሉትን ይዘረዝራሉ፤ ለሁለተኛው ቡድን እነዚያኑ አራቱን ሰጥተው «ቻትቦት የጻፈውን አንቀጽ እንደ ራሴ አድርጌ አስረክቤያለሁ» የሚለውን አምስተኛ አድርገው ይጨምራሉ። ማንም የትኛውን እንዳደረገ አይጠየቅም፤ ስንቱን እንዳደረገ ብቻ ቁጥር ይጽፋል። የሁለቱ ቡድኖች አማካይ ልዩነት አምስተኛውን ያደረጉትን ድርሻ ይነግርዎታል፤ አምስቱንም አድርጌያለሁ ካላለ በቀር የአንድ ተማሪ ምስጢር ግን አይገለጥም። ጉድለቱ ሰፊ ናሙና መጠየቁ ነው፤ ናሙናዎ ትንሽ ከሆነ ልዩነቱን ማመን ያስቸግራል።

የጠያቂው ምላሽ
መምህርና ተመራማሪ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሞዴሉን ሙሉ በሙሉ ባልጥለውም ከመሪነቱ አነሳዋለሁ፤ ጠቃሚነትንና ቅለትን የሚጠይቁትን ዓረፍተ ነገሮች የማቆያቸው ከሌሎች ጥናቶች ጋር ለማነጻጸር ብቻ ነው። ዋናው ክፍል በድርጊቶች የተከፋፈለ ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ ድርጊት መልስ ሰጪው ለራሱ ይፈቅደው እንደሆነ፣ ለተማሪ ወይም ለመምህር ይፈቅድ እንደሆነ፣ ሲያደርገው ምን እንደሚሰማው ለየብቻ እጠይቃለሁ። በቤተ መጻሕፍት ባለሙያዋ ምክር መሠረት ሁለት ጊዜ እጠይቃለሁ። የዝርዝር ሙከራውን ግን የእኔ ናሙና ስለማይበቃው ለጊዜው አቆየዋለሁ፤ ሌሎች ትምህርት ክፍሎች አብረውኝ ለመሥራት ከፈቀዱ እመለስበታለሁ።

ለመጨረሻ ዓመት ተማሪው፦ ስለ መጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የተናገርከውን በሌላ መልክ ወደ መጠይቁ አስገብቼዋለሁ። «ባለፉት ወራት ብቻህን ማድረግ የከበደህ፣ ቀድሞ ግን የማይከብድህ ነገር አለ?» ይላል፤ ከሥሩ ሳጥን የለውም፣ ባዶ መስመሮች ብቻ ናቸው ያሉት። መጠይቁንም በኢንተርኔት ለማሰራጨት አስቤ የነበረውን ትቼዋለሁ። የተቋሙ ቅጽ የተማሪውን መለያ ስለሚመዘግብ፣ ስም አይጻፍም ብዬ ብምልም የሚያምነኝ አይኖርም። በወረቀት አትሜ፣ እኔ በሌለሁበት ሞልተው በታሸገ ሣጥን እንዲከቱት አደርጋለሁ፤ ሣጥኑንም ውጤት አስገብቼ እስክጨርስ ድረስ አልከፍተውም።